አምስቱን ስም አልሰጥም

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህሬ ለጋሼ ተክለ ሃይማኖት፣ ነቀምት።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱ በእርስዎ አገር እንዴት ወጣ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ አጥንት ይሰብራል። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው፤ ዝምታዬን ከንቀት አይቁጠሩብኝ። መንገዱ ተቆርጦ አውቶቡስ ከወረኢሉ ሳይመጣ ቆየ ብዬ ላመካኝ ነበር። እውነቱ ግን ለጥያቄዎ የምሰጠውን መልስ ስፈራ ነው የቆየሁት። «ከሃያው ስንቱ አለፉ፣ ስንቱ ወደቁ?» ብለዋል። ማንም አላለፈም፣ ማንም አልወደቀም። ማርክ መስጠት ትቻለሁ።

ከመቆጣትዎ በፊት ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። የማስተምራቸው ሃያ ሰዎች ከቦረናና ከከላላ የገበሬ ማኅበራት ተመርጠው የመጡ የጤና ወኪሎች ናቸው። እስከ የካቲት አስተምሬ ወደየቀበሌያቸው እመልሳቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት የሁለት ቀን መንገድ በሆነበት አገር የታመመ ልጅ መጀመሪያ የሚደርሰው እነሱ እጅ ነው። የመጀመሪያውን ወር እርስዎ እንዳስተማሩኝ አስተማርኩ። ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ ገለበጡ፣ ፈተንኩ። ምናለ የሚባል እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረ የመካነ ሰላም ልጅ ከመቶ ዘጠና ስድስት አገኘ። አልታየች የምትባል ከከላላ በላይ ካለ መንደር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሠላሳ አንድ አገኘች። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አንድ መስመር አንብባ እስክትጨርስ ሌላው ገጽ ያዞራል። ማርኩን ለበላይ አስተላለፍኩ።

በማግስቱ ነገሩ ከነከነኝ። የተቅማጥ ማከሚያውን ዱቄት በየፓኬቱ፣ ጆግና ባዶ የቢራ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩና «አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጥታለች፤ በጥብጡላት» አልኳቸው። በጽሑፍ ሁሉም «አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር ውሃ» ብለው ነበር። አንድ ሊትር ሦስት የቢራ ጠርሙስ መሆኑን ያወቁት ግን ስምንት ብቻ ናቸው። ምናለ ሙሉውን ፓኬት ባንድ ጠርሙስ ውሃ በጠበጠው። «ቅመሰው» አልኩት። ቀመሰና ፊቱን አጨማዶ ቆመ።

«ሲስተር፣ ይህ እኮ ልጅ ይገድላል» አለኝ።

አልታየች ደግሞ ውሃውን ሦስት ጊዜ ሰፍራ፣ ጠብታ ሳታፈስ በጠበጠች። ከየት አወቅሽው ብላት «ጠላ ስሸጥ ነው የኖርኩት፤ ልኬታ አይጠፋኝም» አለች። እጇን ግን አልታጠበችም ነበር። እርስዎ ቢሆኑ ለሁለቱ ከመቶ ስንት ይሰጡ ነበር? እኔ ቁጥሩ ጠፋኝ። ለእያንዳንዳቸው የጎደለውን ነግሬ «ነገ ድገሙት» አልኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ከእኔ ቀድመው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ባለፈው ወር እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

ይቆጡኝ፤ ግን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ የዓለምዘርፍ


ነቀምት፣ ኅዳር 5 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለየዓለምዘርፍ።

ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በፊተኛው ደብዳቤሽ ስለ ዓይኔ ለጠየቅሽው፣ ግራው ሄዷል። ቀኙ ለቀረኝ ሥራ ይበቃል። ይህን ለማንም አታውሪ፤ ከሰሙ ጡረታ ውጣ ይሉኛል።

ቆጣም ብያለሁ። አንቺን ያስተማርኩሽ በማርክ ነው፤ ሰውም ሆነሽበታል። ሃያ ስድስት ዓመት ነርስና ጤና ረዳት ሳሠለጥን አንድ ነገር አይቻለሁ፦ ሰው የሚተጋው ከፊቱ ገደል ሲያይ ነው። ከሃያው አምስቱ እንደሚባረሩ ካላወቁ አሥራ አምስቱ መጽሐፍ አይከፍቱም። በር ላይ ቆመው ያገኘሻቸው ነገሩ አዲስ ሆኖባቸው ነው፤ በሁለተኛው ወር ሲለምዱት ታያለሽ። ደግሞ ያለ ማርክ ሰነፉንና ጎበዙን እንዴት ትለያለሽ? በሽተኛው ፊት ቀርበው ይለዩ?

በተለየ ወረቀት ስለ መጨረሻው ፈተና የጠየቅሽኝን አልመልስም። ለምን እንደማልመልስም አትጠይቂኝ።

ነጠላ ብቻ ደርበሽ አትውጪ። የመካነ ሰላምን ብርድ አውቀዋለሁ።

ተክለ ሃይማኖት


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 26 ቀን 1976 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የዓይንዎን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፤ ብቻዬን ግን አዝኜበታለሁ።

«ገደል ሲያይ ይተጋል» ብለዋል። እኛ አገር ገደል ሞልቷል። ገደል ያየ በቅሎ ሲቆም እንጂ ሲሮጥ አላየሁም።

«ይህን ከማን ተማርሽው?» ቢሉኝ፣ ከአባቴ ነው። መሪጌታ እንደነበሩ ያውቃሉ። ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ ሲያቀርብላቸው «ቤት አልመታህም፤ ሂድና አስበህ ና» ይሉታል። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል። ተማሪው «ከመቶ ስንት አገኘሁ?» ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ሳይገባው ግን አያልፍም። እዚህ ከማስተምራቸው ውስጥ ይመር የሚባሉ ትልቅ ሰው አሉ። በልጅነታቸው ደረሳ፣ የቁርዓን ተማሪ፣ ነበሩ። «እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ሼኹ ፊት የእንጨት ሉህ ይዘህ ትቀርባለህ፣ የሳትካትን ፊደል አስተካክለህ ትመለሳለህ» አሉኝ። እንግዲህ አገሬው የሚያውቀውን ነው የማደርገው።

አሁን ደግሞ ለዓመታት አፌ ላይ የቆየውን ልናገር። ካሰችን ያስታውሷታል? የኩታበሯን፣ አልጋዋ ከአልጋዬ ጎን የነበረውን። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በሦስት ማርክ ወደቀች። ስማችንን በውጤት ደርድረው ግድግዳ ላይ ለጠፉ፤ የእሷ ከቀይ መስመር በታች ነበር። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ «የዓለምዬ፣ ምኑን ነው ያላወቅሁት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አላወቅሁም። እርስዎም አልነገሯትም። የወደቀችበትን ሳታውቅ ኩታበር ገባች። በሌሊት ተረኛነት ከሁላችን የበረታች እሷ ነበረች፤ ይህን እርስዎም ይመሰክራሉ።

እዚህም ቀይ መስመር ሊያሰምሩብኝ መጥተዋል። አቶ አምባቸው የሚባሉ ተቆጣጣሪ ባለፈው ሳምንት መዝገቤን ገልጠው አዩ።

«የኅዳር ማርክ የታለ?»

«የለም። በየሰው ስም ትይዩ የሚችለውንና ገና ያልቻለውን ጽፌአለሁ።»

«ይህን ማን ያነበዋል? ለበላይ የምልከው ቁጥር ነው። የመጨረሻዎቹን አምስት ስም ስጪኝ፤ ወደየማኅበራቸው ይመለሱ። ኮታው አሥራ አምስት ነው።»

«አምስቱን ስም አልሰጥም» አልኩ። ድምፄ ሲወጣ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «የካቲት ላይ ሃያውም ይችላሉ። ያልቻለ ካለ ያኔ እኔ ራሴ እነግርዎታለሁ።»

ሳይሰናበቱኝ ወጡ። እስካሁን መልስ የለም።

የዓለምዘርፍ


ነቀምት፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1976 ዓ.ም.

የዓለምዘርፍ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ካሰችን ረስቻት ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ስለ እሷ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። አሁን የምልሽን ስሚ። አምስቱን ስም ስጪ። ሰዎቹ አይሞቱም፤ ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ። አንቺ ግን ብትያዢ የሚጠይቅሽ የለም። አባትሽንና ቅኔውን ለሌላ ሰው አታንሺ፤ በዚህ ጊዜ ይህ የሚባልበት ስም አለው፤ ስሙንም ታውቂዋለሽ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ አቃጥይው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ቁጥሩን ካነሳሽ በኋላ በምትኩ ምን ትጽፊላቸዋለሽ? ቃል በቃል ንገሪኝ። ለወቀሳ አይደለም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ተክለ ሃይማኖት


መካነ ሰላም፣ ጥር 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ወደ ወረኢሉ ከብት የምትነዳው ነጋዴዋ እንቁ ይዛልኝ ሄዳ፣ ለሚታመን ሾፌር ትሰጥልኛለች። የእርስዎን አላቃጠልኩትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቃል በቃል ላሉኝ፣ ከመዝገቤ ገልብጬልዎታለሁ።

«ምናለ፣ መድኃኒቱን ታውቃለህ፤ እናቲቱን ግን አላየሃትም። አንተ ስትናገር እሷ በሩን ታያለች። ነገ አንድ ነገር ብቻ ንገራትና ምን እንደገባት መልሰህ ጠይቃት።»

«አልታየች፣ ልኬታሽ እንከን የለውም። ሳትታጠቢ ሁለት ጊዜ ጀምረሻል። ነገ ስጠራሽ መጀመሪያ የማየው እጅሽን ነው።»

«አቶ ይመር፣ ትኩሳቱን በእጅዎ ጀርባ ገመቱ። ቴርሞሜትሩን የተዉት መስመሩ ስለማይታይዎ ከሆነ አይደብቁኝ፤ መነጽር እንፈልጋለን።»

ይኸው ነው። ይመርን እንደጠረጠርኩት ሆነው አገኘኋቸው። በፈተና ወረቀት ቢሆን ኖሮ ሰነፍ ብዬ እጥላቸው ነበር። አልታየች አሁን ገና በሩን ስትገባ እጇን ዘርግታ «አንቱ ይጠይቁኝ፣ ሲስተር» ትላለች። የተሳሳተች ቀን አንገቷን አትደፋም፤ «ነገ ደግሞ ይጠይቁኝ» ትላለች። እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ አይከፍቱም ብለውኝ ነበር፤ የገበያ ቀን እንኳ ማረፍ ትተዋል።

አሁን ደግሞ ያልወደድኩትን ወሬ። ታኅሣሥ 26 ቀን በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራሁ። አቶ አምባቸው ተነስተው «ጓድ የዓለምዘርፍ ፈተናን በመሸሽ የቤተ ክህነትን ያረጀ ትምህርት አስገብተዋል፤ የአድሃሪ ሥራ ነው፤ ግለ ሂስ ያድርጉ» አሉ። ስለ ቅኔው ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እርስዎ ዝም በይ ብለው ነበር፤ አልቻልኩም።

«በዚህ አዳራሽ በየወሩ ለሂስና ለግለ ሂስ እንቀመጣለን» አልኩ። «ሰው ስህተቱን በጊዜ ሰምቶ እንዲታረም ነው ብላችሁ አስተምራችሁናል። ተስማምቻለሁ። ለመሆኑ በሂስ ላይ ከመቶ ስንት የተሰጠው ሰው አለ? ከመጨረሻዎቹ አምስት ተብሎስ የተባረረ አለ? እናንተ በወር አንድ ጊዜ የምታደርጉትን እኔ በየቀኑ አደርገዋለሁ። ጥፋቱ ይህ ከሆነ ጥፋተኛ ነኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ዘጉ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን የት እንደነበርኩ አልጽፍም። አሁን ቤቴ ነኝ፤ ጤናዬም ደህና ነው። ከማስተማር ታግጃለሁ። በአራተኛው ቀን ዕቃዬን ልወስድ ክፍሉ ብደርስ ሃያውም ውስጥ ናቸው። አልታየች ፊት ቆማ «ልጁ የጠጣውን ካስመለሰውስ?» እያለች ትጠይቃለች፤ ምናለ «አሥር ደቂቃ ጠብቄ በማንኪያ በቀስታ እቀጥላለሁ» ብሎ ይመልሳል። ሲያዩኝ ተነሱ። ይመር «አብሽሪ ልጄ፣ እየተጠያየቅን ነው» አሉኝ። ዕቃዬን ሳልወስድ ተመለስኩ።

የዓለምዘርፍ


ነቀምት፣ ጥር 22 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለየዓለምዘርፍ፣

እንቁን እግዜር ይስጣት፤ ደብዳቤሽ በስምንት ቀን ደረሰኝ። ሦስቱን ቀን አልጠይቅሽም።

አንቺ የሸሸግሽኝ ሦስት ቀን ነው፤ እኔ የሸሸግሁሽ ሦስት ወር ነው። የካቲት 10 ቀን በታሸገ ፖስታ የሚደርሳችሁ የመጨረሻ ፈተና የእኔ ነው። ጥያቄ አውጪ ኮሚቴ ውስጥ አለሁ። ስድሳ የምርጫ ጥያቄ፣ ሁሉም የወረቀት። አርባ ሁለቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በኅዳር ልመልስልሽ ያልቻልኩት ለዚህ ነበር።

ስለ ካሰች እጽፋለሁ ብዬሽ ነበር። ከደብዳቤሽ በኋላ የድሮውን መዝገቤን አወጣሁ። ምን እንደሳተች ፈልጌ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላም ቢሆን ልጽፍላት አስቤ ነበር። ስሟን አገኘሁት። ከስሟ ትይዩ 47 የሚል ቁጥር አለ። ሌላ ምንም የለም። ምኑን እንዳላወቀች እኔም አላውቅም፤ ያኔም አላውቅም ነበር። ልጅቱን ከሥራዋ ያስወጣኋት ለራሴም ባልገባኝ ቁጥር ነው። ያንኑ ጽፌ ኩታበር ላክሁላት። ይቅርታ ማለት ቀላል ሆኖ አልታየኝም፤ ግን ጻፍኩት።

ከዚያም ለኮሚቴው፣ ግማሹ ፈተና በእጅ የሚሠራ ይሁን፣ ስህተቱም ለሠልጣኙ ይነገረው፣ ማንም በአንድ ቀን ወረቀት አይባረር ብዬ አመለከትኩ። ሳቁብኝ። ጥያቄዎቼን ማውጣት አልቻልኩም፤ ታትመዋል። ስሜን ግን አውጥቻለሁ። ዓይኔንም ራሴ ነገርኳቸው፤ ጡረታዬ ይቀርባል።

ከዚህ ጋር የፈረምኩት ወረቀት አለ። «ሲስተር የዓለምዘርፍ የምትሠራበት ዘዴ እኔ ያስተማርኳት ነው» ይላል። ሲጠይቁሽ አሳያቸው። ሽማግሌ ነኝ፤ የሚወስዱብኝ የለም።

ተክለ ሃይማኖት


ዓባይ ቆላ፣ መጋቢት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ወረቀትዎን አላሳየሁም። ያላስተማሩኝን አስተማርኩ ብለው እንዲከሰሱልኝ አልፈልግም። እርስዎ ያስተማሩኝ ብዙ ነገር አለ፤ ይህንን ግን እኔ ነኝ ለእርስዎ የነገርኩዎት። ደፋር ብለው ቢስቁብኝ ይሻለኛል።

ስለ ፈተናው ቀን ልንገርዎ። እኔ እንድገባ አልተፈቀደልኝም፤ መስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር። አቶ አምባቸው አምስቱን ስም ከእኔ ቢያጡ ከመጀመሪያው ወር ማርክ ላይ ራሳቸው ቆጥረው አወጡ። ያንን ማርክ የላክሁት እኔ ነኝ። አልታየች መጀመሪያ ተጠራች፣ ይመር ሦስተኛ።

«የተጠራችሁ ውጡ፤ ወደየማኅበራችሁ ትመለሳላችሁ» አሉ።

አምስቱ ወጡ። አልታየች ስታልፍ ቀና ብላ አየችኝ። ከውስጥ የወንበር ድምፅ ሰማሁና ምናለ ሲናገር አወቅሁት።

«ጓድ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ከሁሉም በላይ ያለሁት እኔ ነኝ አይደል?»

«አዎን፤ ቁጭ በል።»

«ያንን ማርክ ያገኘሁ ሰሞን ልጅ የሚገድል ውሃ በጥብጫለሁ። አልታየች ነች ያሳየችኝ። እሷ ውጭ ሆና እኔ እዚህ ተቀምጬ አልፈተንም።»

ወጣ። ሌላው ተከተለው። አሥራ አምስቱም ወጥተው ከአምስቱ ጎን ቆሙ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልሮጠም። አቶ አምባቸው ባዶ ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት ፖስታ ይዘው ቀሩ። ጥያቄዎችዎን ያነበበ የለም፤ አይዘኑብኝ።

የምስክር ወረቀት ለማንም አልተሰጠም። «ምን አተረፍሽ?» ቢሉኝ፣ በሳምንቱ የዘጠኝ ገበሬ ማኅበር ሊቀመናብርት በእግራቸው መጥተው «ወረቀቱ ይቆየን፤ ሰዎቻችንን ስጡን» አሉ። እምቢ የሚላቸው ጠፋ። ሃያውም አሁን በየቀበሌያቸው እየሠሩ ነው። ወረቀት የላቸውም፤ ሥራውን ግን ያውቁታል።

እኔ ወደ ዓባይ ቆላ፣ በበቅሎ የሁለት ቀን መንገድ ወዳለ ክሊኒክ ተዛውሬአለሁ። ከመሄዴ በፊት በአዲሱ ቦታዬ የማርመውን ጥፋት ጽፌ እንድፈርም ታዘዝኩ። እውነተኛውን ጻፍኩ። «በፍጥነት ስለምናገር ሰው ሳይገባው አልፌአለሁ። አንድ ሰው ዓይኑ እንደደከመ ለማወቅ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያውን ወር ማርክ ልኬአለሁ፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ጥፋቴ ነው፤ አይደገምም» ብዬ ፈረምኩ። ተቀባዩ አንብቦ ማኅተሙን ይዞ ብዙ ቆየና መታበት።

ሽኝት ማድረግ አልተፈቀደም፤ ከአምስት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው ተባለ። ባለፈው ሳምንት በበቅሎ ስወጣ ከከተማው ዳር ምናለ ብቻውን ቆሟል። «ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ» አለኝ። ጠየቅሁት፣ መለሰ፤ ጥቂት የጎደለውን ነገርኩት። ከዳገቱ በላይ ሌላው ቆሟል። ከእሱ ወዲያ ይመር በትራቸውን ተደግፈው። እንዲህ እየሆነ አሥራ ዘጠኙን አንድ በአንድ እየጠየቅሁ ሄድኩ። አንድ ሰው ብቻውን መንገድ ላይ ቢቆም ስብሰባ አይባልም።

የመጨረሻዋ አልታየች ነበረች። ከከላላ በእግሯ መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ልጠይቃት ስል «ዛሬስ እኔ ነኝ አንቱን የምጠይቀው» አለችኝ።

«ጠይቂኝ።»

«ተቅማጡ ቆሞለት፣ ትኩሳትም ሳይኖረው፣ እግሩና ፊቱ የሚያብጥ ልጅ አለ። ጠጉሩ ይሳሳል። ለእናቱ አብይው ብላት የሚበላ የለም አለችኝ። ባለፈው መኸር አላፈሱም፤ በልጉም ይኸው አልዘነበም። አንድ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ በእኔ ቀበሌ አሥራ አራት ሆነዋል። ሲስተር፣ ለዚህ ምን ይበጠበጣል?»

ጋሼ፣ ይህ በስድሳው ጥያቄዎ ውስጥ አልነበረም፤ እኔም አላስተማርኳቸውም። ስሙን ጮክ ብሎ መጥራት የማይፈቀድ ነገር መሆኑን እሷም ታውቃለች፤ አውቃ ነው የጠየቀችኝ።

«ምግብ ነው መድኃኒቱ፤ እኔ ዘንድ የለም» አልኳት። «የልጆቹን ስምና ዕድሜ በየቤቱ ዞረሽ ጻፊልኝ።»

ከመቀነቷ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ጽፋው ነው የመጣችው። ፊደሏ ጠማማ ነው፤ አሥራ አራቱም ስም ግን ይነበባል።

ስማቸውን በአራት ቅጂ ጽፌ፣ «ረሃብ» ብዬ፣ ከሥሩ ፈርሜበታለሁ። ሦስቱን ለማን እንደላክሁ እዚህ አልጽፍም። አራተኛው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። የቀረችው ዓይንዎ የምታየውን ያህል ያንብቡትና ለሚሰማ ሰው ይስጡት።

የዓለምዘርፍ